የተጣጣፊ የተራራ ብስክሌት አካላት ስያሜና አገጣጠም

ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ የየራሱን ቃላት አስከትሎ ይመጣል። ከቃላቱ አንዳንዶቹ ሕዝቡ በቀላሉ ተቀብሎ የሚገለገልባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በአስተርጓሚ እጅ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ከታሰበው ፍች ተቃራኒውን የሚሰጡ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአንድ መሣሪያ፣ ማለትም የተጣጣፊ የተራራ ብስክሌት አካላት ምን ምን ተብለው ቢጠሩ እንደሚሻል ነው። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መሣሪያው ከመሐል የሚታጠፍ ስለ ሆነ፣ የአገጣጠሙ መመሪያ በተሳሳተ ግሥ ከተጻፈ ብስክሌቱ በጉዞ ላይ ሳለ ሊታጠፍና ነጂውን ሊጥለው ይችላል።

ለምሳሌ የወሰድነው በምዕራብ ጎጃም የሚገኙትን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ያለውን ገጠር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጐዳና በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አድርጎ በሁለቱም ከተሞች ያልፋል፤ ከቡሬም ላይ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። ከአውራ ጐዳናው ወጥተው ወደየቀበሌው የሚገቡት መንገዶች ግን በአብዛኛው የጠጠርና የአፈር ናቸው። እንግዲህ በገጠር የሚያስተምር መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ብስክሌቱን አጥፎ በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ቢያስጭንና ከወረደ በኋላ ዘርግቶ ወደ ቀበሌው ቢጓዝበት፣ የመሣሪያው ጥቅም ግልጽ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። «አጠፈ» ከሚለው ግሥ «ታጣፊ» እና «ተጣጣፊ» የሚሉ ሁለት ቅጽሎች ይገኛሉ። «ታጣፊ» የሚባለው በአንድ ሥፍራ ብቻ የሚታጠፍ ነገር ሲሆን፣ ቃሉን ሕዝቡ በይበልጥ የሚያውቀው ሰደፉ ከሚታጠፈው ክላሽ ጋር አያይዞ ነው። በጎጃም ገጠር «ታጣፊ» ብቻ ብሎ የተናገረ ሰው ስለ ብስክሌት ያወራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። «ተጣጣፊ» ግን ድርጊቱ መደጋገሙን ወይም በብዙ ወገን መሆኑን ያመለክታል። የምንነጋገርበት ብስክሌት መሐል አካሉ ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ ላይ መሪውም ፔዳሉም የሚታጠፍ ስለ ሆነ «ተጣጣፊ» የሚለው በሰዋስውም በአጠቃቀምም ይስማማዋል፤ «ተጣጣፊ አልጋ» እና «ተጣጣፊ ወንበር» ከሚሉት የተለመዱ ስሞችም ጋር ይገጥማል።

«የተራራ ብስክሌት» የሚለው ስያሜ ይበልጥ ያከራክራል። በከተማ ወጣቶች ዘንድ «ማውንቴን» መባሉ የተለመደ ነው። በስሙ የሚገለጸው ሰፋፊና ጥርሳም ጎማ ያለው፣ ለዳገት የሚያገለግል ቀላል ማርሽ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። ይሁን እንጂ ከመሐሉ ማጠፊያ ያለው ርካሽ ብስክሌት መልኩ ብቻ የተራራ ብስክሌት ሆኖ፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ለመዝለልና ለመንደርደር ግን ያልተሠራ ሊሆን ይችላል። ከሻንሲው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ የሚሸከመውን ክብደትና የሚነዳበትን የመንገድ ዐይነት የሚወስን ከሆነ፣ ሊታመን የሚገባው ማስጠንቀቂያው እንጂ ስሙ አይደለም። ስሙን መለወጥ አሁን የሚቻል ስላልመሰለን «የተራራ ብስክሌት» የሚለውን እንቀበላለን፤ በመዝገበ ቃላት ሲገባ ግን ፍቺው ይህንኑ ልዩነት አብሮ ሊያስረዳ ይገባል።

ተጣጣፊ ብስክሌት አዲስ ፈጠራ አይደለም። የጣሊያን የቤርሳልዬሪ ወታደሮች በቢያንኪ ፋብሪካ የተሠራውን ተጣጣፊ ብስክሌት ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዘውት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንግሊዞች ለጃንጥላ ወራሪዎቻቸው ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፋብሪካ የሠራውን አስታጥቀዋል። በእኛ ዘመን ሞንታጊው የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሙሉ መጠን ያለው ጎማ የተገጠመላቸውን የተራራ ብስክሌቶች የሚሠራው ዋናውን ዘንግ ሳይቆርጥ ነው፤ የፊተኛው ክፍል በኮርቻው ዘንግ ዙሪያ ዞሮ ይታጠፋል። ሁለቱን አሠራሮች መለየት ለስያሜውም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንደኛው ማጠፊያው ከመሐል ሲሆን በሁለተኛው ከኮርቻው ሥር ነው።

የጣሊያንን ስም ካነሣን ዘንድ፣ በአገራችን ጠጋኞች አፍ ያሉት ቃላት አብዛኞቹ ከዚያው ቋንቋ የመጡ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማስቲሽ፣ ጠጋኙም ራሱ «ጎሚስታ» የሚባለው ከጣሊያንኛ ተወስደው ነው። እነዚህን አውጥቶ በግእዝ ቃላት መተካት ዛሬ ማንንም አይጠቅምም፤ ቃላቱ ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው። ከሁሉም የሚያስገርመው «ካቴና» ነው። በጣሊያንኛ ማንኛውም ሰንሰለት ሲሆን በአማርኛ ግን የእስረኛ እጅ መያዣ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ለብስክሌቱ «ሰንሰለት» የሚለውን ብናጸና ይሻላል እንላለን።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተመሠረተበት ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ፣ በኋላም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፣ በሥየማ ሥራ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ ቃል ከየት ይወሰድ የሚለው ነው። እኛ በቅድሚያ ልንመረምር የሚገባን የገበሬውን ቃላት ነው ብለን እናምናለን። የጎጃም ገበሬ ማለዳ ማለዳ ሞፈሩን ተሸክሞ ሄዶ ከእርሻው ላይ የሚገጥም፣ ማታም ፈትቶ የሚመለስ ነው። ማረሻው፣ ድግሩ፣ እርፉ፣ ወገሉ፣ ቀንበሩ፣ ምራኑ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ አንዱ ቢላላ የትኛው እንደ ላላ በአንድ ቃል ይነገራል። ለብስክሌቱም የምንፈልገው ይህን የመሰለ ሥርዓት ነው።

ከዚህ ምንጭ ያለ ችግር የሚገኘው ቃል «ባላ» ነው። የፊቱን ጎማ በሁለት ጣቶቹ አቅፎ የሚይዘው ብረት «ሹካ» ተብሎ ሊተረጎም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሹካ የገበታ ዕቃ ነው፤ ባላ ግን ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ደጋፊ እንጨት ስለ ሆነ፣ ጎጆ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «የፊት ባላ» እንበል። ለመቀመጫው «ኮርቻ» የሚለው በሕዝብ ምርጫ ከጸና ቆይቷል፤ ከቡሬ ወዲያ በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበርበት አገር ይህ ቃል ማብራሪያ አያሻውም። ከፈረሱ ዕቃ «እርካብ»ን ለፔዳል መስጠት ግን አንደግፍም። በእርካብ ላይ እግር ያርፋል እንጂ አይገፋም። መሪውንም «እርፍ» ማለት ለጆሮ ያምር ይሆናል፤ ሾፌሩ ሁሉ «መሪ» እያለ ሳለ ግን ሌላ ቃል መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንመለስ። ከባዕድ ቋንቋ የሚተረጎሙ መመሪያዎች በአንድ ግሥ «ማጠፊያውን ዝጋ» ሊሉ ይችላሉ። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ብስክሌቱን ከዘረጋህ በኋላ ማጥበቂያውን መልሰህ ግጠም ነው። በአማርኛ ግን ታጥፎ የተቀመጠ ነገር «ተዘጋ» ሊባል ስለሚችል፣ አንባቢው ዕቃውን አጥፎ ማስቀመጥ የታዘዘ ሊመስለው ይችላል፤ «ክፈት» በተባለም ጊዜ ብስክሌቱን ዘርግቶ ማጥበቂያውን ሳይገጥም ሊነሣ ይችላል። «ቁልፍ» የሚለውም ቃል እንዲሁ አያስተማምንም፤ የበር መክፈቻው፣ የሸሚዙ ማያያዣ፣ መካኒኩ ብሎን የሚፈታበት መሣሪያ ሁሉም ቁልፍ ነው። «ቁልፉን አጥብቅ» የተባለ ሰው ምን ይሥራ?

ስለዚህ ግሦቹን እንድንለያቸው እንመክራለን። ብስክሌቱ «ይዘረጋል» እና «ይታጠፋል» እንጂ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ሁለቱ የሻንሲ ክፍሎች የሚገናኙበት ሥፍራ «ማጠፊያ» ይባል፤ በሩም ላይ ያለው ማጠፊያ ይኸው ነው። ማጠፊያውን የሚይዘው ብረት «መቀርቀሪያ» ቢባል፣ በገጠር ቤት በሩን ከውስጥ የሚይዘውን እንጨት የሚያውቅ ሁሉ ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል። መቀርቀሪያው «ይቀረቀራል» ወይም «ይነሣል»። በጎማውና በኮርቻው ዘንግ ላይ ያለው፣ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚሠራው ደግሞ «ማጥበቂያ እጀታ» ይባል። ብሎን የሚፈታውን «መፍቻ» እንበል፤ መፍቻ መልሶ የሚያጠብቅም መሆኑ እንግዳ ቢመስልም፣ ከ«ቁልፍ» ግን ይሻላል።

በእነዚህ ቃላት አገጣጠሙ እንዲህ ይነገራል። ብስክሌቱ በተስተካከለ ምድር ላይ ቆሞ ይዘረጋል። የማጠፊያው ሁለት ፊቶች ከመጋጠማቸው በፊት በጨርቅ ይጠረጋሉ፤ ጭቃ ወይም ጠጠር በመካከላቸው ከቀረ መቀርቀሪያው የተቀረቀረ ይመስላል እንጂ አይዝም። ፊቶቹ ያለ ክፍተት ከገጠሙ በኋላ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ይቀረቀራል፤ ሁለተኛ መያዣ ያለው ከሆነ እርሱም በቦታው መግባቱ በዐይንም በእጅም ይረጋገጣል። የኮርቻው ዘንግ ላይ ተቀርጾ የሚታየው የመጨረሻ ምልክት ምንጊዜም በሻንሲው ውስጥ ተሸፍኖ መቅረት አለበት፤ ከዚያ በላይ የተሳበ ዘንግ ሊሰበር ወይም ሻንሲውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ቁመቱ የሚለካው ነጂው ተቀምጦ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ ዕጥፍ ሲል ነው። መሪው ከፊት ጎማው ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይስተካከልና ይጠብቃል።

ማጥበቂያ እጀታውን እንደ ብሎን እያሽከረከሩ ማጥበቅ የተለመደ ስሕተት ነው። እጀታው የሚሠራው በመታጠፍ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ዳዶ በእጅ ይስተካከላል፣ ከዚያም እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ መቃወም መጀመርና መዳፍ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ ተገፍቶ መታጠፍ ይኖርበታል። በቀላሉ ከታጠፈ አልያዘም።

ፔዳልን በሚመለከት የቃል ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። የቀኙ ፔዳል ጥርስ እንደ ማንኛውም ብሎን ሲሆን የግራው ግን ግራ ጥርስ ነው፤ በመርገጥ ጊዜ የሚፈጠረው ሽክርክሪት እንዳያላላው ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። («ጥርስ» የብሎንም የማርሽም ስለ ሆነ፣ ባለመጠንቀቅ ሁለቱን ማቀላቀል ይመጣል።) መመሪያዎች ይህን «በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ» እና «በተቃራኒው» እያሉ ይገልጹታል፤ አንባቢው ከየትኛው ወገን ቆሞ እንደሚያይ ስለማይነገረው ግን ግራ ይጋባል። ቀኙንም ግራውንም የሚያስማማ አጭር አነጋገር ይህ ነው፦ መፍቻው ከላይ ሆኖ ሁለቱም ፔዳሎች ወደ ፊት ጎማ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይላላሉ። ያለ ቦታው በግድ የገባ ፔዳል የክንዱን ጥርስ ይበላዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በጣት ብቻ ሁለት ሦስት ዙር መግባቱ ይታይ።

ከመነሣት በፊት ጎማው በጐኑ በታተመው ቁጥር መጠን ይነፋል፣ ሁለቱም ፍሬኖች ይሞከራሉ፣ ብስክሌቱም ጥቂት ተነሥቶ ይናጋል፤ ከመሐሉ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ መቀርቀሪያው እንደገና ይታይ።

ከቡሬ በማንኩሳ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ሰው በጠቅላላው ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ያለው ሥፍራ ይወርዳል። የማንኩሳን ስም የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ በልብ ወለዱ ዘመን መንገዱ የእግርና የበቅሎ ነበር፤ አሁን ግን የጭነት መኪና ይበዛበታል። በቁልቁለት ላይ ፍሬኖቹን በጥቂት በጥቂቱ አብሮ መያዝ፣ የፊቱን ፍሬን ብቻ ድንገት አለመያዝ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ቸርኬውን ይዞ የሚያቆም ፍሬን ሲረጥብ ኃይሉ ስለሚቀንስ ርቀትን መጨመር ይገባል፤ የቀይ አፈሩ ጭቃም በባላውና በጎማው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ሊያቆም ይችላል። በጠጠር ላይ መታጠፊያ ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ይቀነሳል፤ በመታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አይያዝም።

ለራስ መከላከያው በከተማ «ሄልሜት» ይባላል። «ራስ ቁር» የሚለውን ከመጽሐፍ ቅዱስ የሰማው ገጠሬ ግን ብዙ ነው፤ ሁለቱም ይጻፉ፣ ራስ ቁር ይቅደም። ገመዱ ከአገጭ ሥር ካልታሰረ፣ የራስ ቁር ተብሎም ሄልሜት ተብሎም፣ በመውደቅ ጊዜ ከራስ ላይ ይወልቃል።

ብስክሌቱ በሚኒባስ ላይ ሊጫን ሲታጠፍ ሰንሰለቱ ያለበት ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ የታጠፉት ሁለት ክፍሎች በገመድ ይታሰሩ፤ ከወረደ በኋላም መቀርቀሪያው፣ በጉዞው ነቅንቆት ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ አዲስ ይመርመር።