የፍሳሽ ጉድጓድ በወጉ ሲዘጋ

በአሜሪካዋ የሃዋይ ግዛት የሚጠጣው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው። ደሴቶቹ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው፤ ዓለታቸው የተሰነጣጠቀና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ዝናቡን ፈጥኖ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ችግሩ ያው ዓለት ፍሳሹንም በዚያው ፍጥነት ማሳለፉ ነው። በግዛቲቱ ከ80 ሺህ በላይ የሽንት ቤት ፍሳሽ ጉድጓዶች ያሉ ሲሆን፣ በየቀኑ ወደ 200 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ መሬት ይለቃሉ።

እነዚህ ጉድጓዶች እንደ ሴፕቲክ ታንክ ግድግዳና ወለላቸው የተደፈነ አይደለም። ደረቁ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ፈሳሹ በጎንና በሥር ይሰርጋል። የላይኛው አፈር ባክቴሪያና ሥር ስላለው ቆሻሻን በመጠኑ ያጣራል። ጉድጓዱ ግን ያንን አፈር አልፎ ስለሚቆፈር፣ ፍሳሹን ማጣሪያ በሌለበት ጥልቀት ላይ ያወርደዋል። ከሚያወርደው ውስጥ ናይትሬት የሚባለው ንጥረ ነገር በአፈር አይያዝም፤ ከውሃው ጋር ይጓዛል። መጠኑ ሲበዛ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ይቀንሳል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የንጹሕ መጠጥ ውሃ ሕግ ፍሳሽ ወደ መሬት የሚያስገቡ ጉድጓዶችን ይቆጣጠራል፤ በሕጉ መሠረት የወጡት ደንቦች ዛሬ በስድስት መደብ ይከፍሏቸዋል። የሰውን ትኩረት የሚስቡት የኬሚካል ፋብሪካዎችና የነዳጅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ አምስተኛው መደብ ነው። በዚህ ውስጥ ከ500 ሺህ የሚበልጡ ጉድጓዶች ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ ጥልቀት የሌላቸው፣ ብዙ ጊዜም ከመጠጥ ውሃው በላይ የተቆፈሩ ናቸው። ጥልቀቱ ከአፉ ስፋት የሚበልጥ ጉድጓድ ፍሳሽ ከገባበት በአብዛኛው በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የጋራዥ ወለል ላይ ያለች ትንሽ የውሃ መውረጃ፣ ቧንቧዋ ከግቢው ጀርባ ወዳለ ጉድጓድ የሚወስድ ከሆነ፣ በመንግሥት መዝገብ መግባት ያለባት ጉድጓድ ናት።

የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ትልልቆቹን የሽንት ቤት ፍሳሽ ጉድጓዶች፣ ማለትም ከአንድ በላይ መኖሪያ የሚያገለግሉትን ወይም በንግድና በሕዝብ ቦታ በቀን 20 ሰውና ከዚያ በላይ የማስተናገድ አቅም ያላቸውን፣ ከሚያዝያ 2000 ጀምሮ እንዳይሠሩ ከልክሏል። ነባሮቹም እስከ ሚያዝያ 2005 እንዲዘጉ አዟል። በሃዋይ ከ3 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተዘግተዋል። የየቤቱን ትንንሽ ጉድጓድ በተመለከተ ግዛቲቱ በ2017 ባወጣችው ሕግ እስከ 2050 ድረስ ጊዜ ሰጥታለች። ለአንድ ቤተሰብ ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር መሆኑ ይገባኛል፤ ያም ሆኖ ውሃው 33 ዓመት እስኪሞላ ድረስ አይጠብቅም።

መዝጋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። ክዳን መጫን ወይም አፈር መድፋት አይበቃም። ዝቃጩ ከሥር ተቀምጦ ከላይ አፈር ቢሞላበት፣ ዝናብ በገባ ቁጥር ውሃው በዝቃጩ ውስጥ አልፎ የያዘውን ይዞ ይወርዳል። ውስጡ ባዶ ሆኖ ክዳን ብቻ ከተጫነበት ደግሞ ክዳኑ ባረጀ ጊዜ ተደርምሶ ሰው ሊውጥ ይችላል።

በወጉ ሲሠራ መጀመሪያ ለሚመለከተው አካል ይነገራል፤ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ነው። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ የሚገቡት ቧንቧዎች ሁሉ ተፈልገው ይቆረጣሉ፤ ፍሳሹም ወደ ከተማው መስመር ወይም ወደ ሌላ ማከሚያ ይዛወራል። ይህ ከባዱ ሥራ ነው፤ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ማንም የማያስታውሰው ቧንቧ አይጠፋምና። ቀጥሎ የመምጠጫ መኪና ፈሳሹንና ዝቃጩን ያወጣል። የበሰበሰ ፍሳሽ የሚፈጥረው ጋዝ በደቂቃ ውስጥ ስለሚገድል፣ ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ጠባቂ ማንም ወደ ውስጥ መውረድ የለበትም። ኬሚካል ይገባበት የነበረ ጉድጓድ ከሆነ ከወለሉ አፈር ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ይወጣና በሕግ ወደተፈቀደለት ቦታ ይወሰዳል። በመጨረሻ ጉድጓዱ በንጹሕ ጠጠርና አሸዋ ወይም በሲሚንቶ ይሞላል፤ የተሠራው ሁሉ ከነቦታው ይመዘገባል።

ከሽንት ቤቱ ይልቅ የጋራዡ ጉድጓድ ይከፋል። የተቃጠለ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የባትሪ እርሳስ፣ የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል፣ ሁሉም በዚያች የወለል መውረጃ ይወርዳሉ። ቤንዚን ውስጥ ካለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ብዙ ውሃ ለማበላሸት ብዙ መፍሰስ አያስፈልግም። ከ2000 ወዲህ እንዲህ ያለ አዲስ ጉድጓድ በአገሪቱ ተከልክሏል።

አንድን ጉድጓድ መጠቀም ማቆምና መዝጋት እንደሚለያዩ በአሜሪካ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ የነበረው የጦር ሠራዊቱ የኬሚካል መሣሪያ ፋብሪካ ያሳያል። በ1961 በግቢው አንድ ጉድጓድ እስከ 3,671 ሜትር ተቆፍሮ በተከታዩ ዓመት መርዛማ ፍሳሽ ይገባበት ጀመር፤ አካባቢውም በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠ። በ1966 ማስገባቱ ቆመ። ጉድጓዱ የተደፈነው ግን በ1985 ነው።

ነገሩ ወደ አገራችንም ይመጣል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፍ ያለው ክፍል የሚወጣበት የአቃቂ የጉድጓድ መስክ እንደ ሃዋይ በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ነው፤ የሚገኘውም የከተማዋ ፍሳሽ በሚወርድበት በደቡብ በኩል ነው። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። በየሰፈሩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ አፈር ተደፍቶበት ሌላ ከጎኑ ይቆፈራል፤ ከላዩ ክፍል ይሠራበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቦታውን የሚያውቅ የለም።

በአሜሪካ ጋራዥ፣ ማደያ ወይም ልብስ ማጠቢያ ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የወለሉ መውረጃ የት እንደሚደርስ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ባለሙያ ቀለም ያለው ውሃ አፍስሶ እንዲከታተለው አድርጉ፤ ሳትፈትሹ ከገዛችሁ የማጽጃው ወጪ በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ በግቢያችሁ የሞላ ጉድጓድ ካለ ሳይመጠጥ አፈር አትድፉበት፤ ቦታውንም ለልጆቻችሁ አሳዩ።