የራስዎን ኪሎ ያነሳሉ?

አመሻሽ ላይ በደሴ ፒያሳ የሚያልፍ ሰው የእግረኛ መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አያጣም። ጫማችንን ሳናወልቅ እንወጣለን፣ መርፌዋ ትንሽ ተወዛውዛ ትቆማለች፣ ከፍለን እንወርዳለን። ቁጥሩን ይዘን ቤት ስንገባ የሚከተለው ወሬ የታወቀ ነው፤ ወይ “ወፍረሃል” ወይ “ምነው ከሳህ?” ነው። ያቺ ቁጥር ግን ሌላም አገልግሎት አላት። ምን ያህል ጠንካራ እንደሆንን ለማወቅ መነሻችን እሷው ነች።

ጂም የሚመላለስ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፦ “ቤንች ስንት ታነሳለህ?” ቤንች ፕሬስ አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ ክብደት የተጫነበትን ባር ወደ ደረት አውርዶ መልሶ መግፋት ነው። ደረትን፣ የትከሻን የፊት ክፍልና የክንድን የኋላ ጡንቻ ያሠራል። የጥያቄው መልስ ሁልጊዜ በኪሎ ብቻ ይሰጣል፤ 40፣ 60፣ 100 ይባላል። የማንሺው ኪሎ ግን አይጠየቅም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ መሠረቱ ያልተነገረ ቁጥር ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት አውቃለሁ። ባር ሥር ስተኛ ግን እኔው ራሴ ተሳስቻለሁ።

“ኪሎህ ስንት ነው?”

ከሁለት ዓመት በፊት 63 ኪሎ ነበርኩ። ከሥራ በኋላ በምሠራበት ጂም 45 ኪሎ በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ እገፋለሁ። አጠገቤ ያለው ግዙፍ ሰውዬ ደግሞ 65 ኪሎ ስድስት ጊዜ ይገፋል። የእኔ ባር ከእሱ ጎን ሲታይ የልጅ መጫወቻ መሰለኝና አፈርኩ። አንድ ምሽት ቤቱ ጭር ሲል እኔም 65 ጫንኩ። ማንንም “ቁምልኝ” አላልኩም፤ የባሩን ጫፎች ግን ዲስኮቹ እንዳይንሸራተቱ ጥርቅም አድርጌ ቆልፌያለሁ።

ባሩ ደረቴ ላይ ወረደና እዚያው ቀረ። ልገፋው ሞከርኩ፣ አልተነቃነቀም። ወደ ጎን ላዘንብለው ስል የቆለፍኩት ዲስክ አልወርድ አለ። ወደ አንገቴ መንሸራተት ሲጀምር ጮህኩ። ሮጦ የደረሰልኝ ያው ግዙፍ ሰውዬ ነው። ባሩን በሁለት እጁ አንስቶ ቦታው ካስቀመጠ በኋላ “አብሽር ወንድሜ” አለና ጠየቀኝ፦ “ኪሎህ ስንት ነው?” ነገርኩት። “እኔ 92 ነኝ። ያንተ 45 እና የእኔ 65 እኮ አንድ ናቸው።”

ቤት ገብቼ አሰላሁት። 45 ለ63 ሲካፈል 0.71 ይሆናል፤ 65 ለ92 ሲካፈልም 0.71። ላንቀው ምንም ያህል ያልቀረኝ፣ የሌለ ልዩነት ለማጥበብ ስል ነበር።

ትንሽ ሰው ለምን ይበረታል?

ሂሳቡ ይኸው ነው፦ የሚያነሱትን ክብደት ለራስዎ ኪሎ ያካፍሉ። ውጤቱ አንድ ከሆነ የራስዎን ኪሎ አንስተዋል ማለት ነው። የክብደት ማንሳት ውድድሮች ተወዳዳሪዎችን በኪሎ የሚመድቡት ለዚህ ነው። በፓወርሊፍቲንግም የተለያየ ኪሎ ያላቸውን ሰዎች ለማወዳደር የሰውነት ክብደትን የሚያስገባ ቀመር ይጠቀማሉ።

ከዚህ ስሌት ቀጠን ያለ ሰው የሚያገኘው ጥቅም አለ። የጡንቻ ጉልበት የሚከተለው የጡንቻውን ውፍረት ነው፤ የሰውነት ክብደት ግን በቁመትም፣ በወርድም፣ በውፍረትም ይጨምራል። ስለዚህ ሰውነት ሲገዝፍ ክብደቱ ከጉልበቱ ቀድሞ ያድጋል። ጉንዳን ከራሷ ብዙ እጥፍ የምትሸከመው፣ ዝሆን ግን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርካዊው ናይም ሱሌይማኖግሉ እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አንስቷል፤ ከሰውነቱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የእሱ ዓይነት ማንሳት እግርንና መላ አካልን ስለሚጠቀም ከቤንች ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ግን ቀጭንነት የደካማነት ምልክት እንዳልሆነ ያሳያል። በሯጮቿ በምትታወቅ አገር፣ አብዛኛው ሰው ቀጠን ባለበት ከተማ፣ ይህ መልካም ዜና ነው።

ስንት ቢሆን ጥሩ ነው?

አሰልጣኞች በልምድ የሚጠቀሙባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ለጀማሪ ወንድ የራሱን ኪሎ ግማሽ ማንሳት ጥሩ መነሻ ነው። ሦስት አራተኛው ከጥቂት ወራት ትጋት በኋላ ይመጣል። የራስን ኪሎ ሙሉውን ማንሳት ለብዙዎች ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት የሚጠይቅ ሲሆን፣ አንድ ተኩል እጥፍ የብዙ ዓመታት ሥራ ነው። ለሴቶች አንድ አራተኛው መነሻ ይሆናል፤ ግማሹ ጥሩ፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ በጣም ጥሩ የሚባል ነው። ዲስክ ያልተጫነበት መደበኛው ባር 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ስለሚመዝን ባዶ ባር ብቻ መግፋትም ጅምር ነው።

ጂም ገብተው የማያውቁ ከሆነ በፑሽ አፕ ይጀምሩ። በፑሽ አፕ ጊዜ እጅዎ የሚሸከመው ከሰውነትዎ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። መሬት የሚከብድ ከሆነ እጅዎን ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይሥሩ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላሉ።

ከፍተኛ አቅምዎን ለማወቅም እንደ እኔ መታነቅ አያስፈልግም። በቀላሉ የሚሠራ ቀመር አለ። የገፉትን ኪሎ በደገሙት ጊዜ ያባዙት፣ ለ30 ያካፍሉት፣ የተገኘውን በኪሎው ላይ ይደምሩት። ለምሳሌ 50 ኪሎ ስድስት ጊዜ ከገፉ 50 ሲባዛ 6 ሲካፈል ለ30 አሥር ይሆናል፤ 50 ሲደመር 10 ደግሞ 60። አንድ ጊዜ ብቻ ቢያነሱ ወደ 60 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። ቀመሩ ግምት ነው፤ ድግግሞሹ ከአሥር ሲያልፍም ይሳሳታል። የ60 ኪሎ ሰው ግን 60 ሳይጭን የራሱን ኪሎ እንደደረሰ ያውቅበታል።

እንዴት ይደረሳል?

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ በመካከሉ ዕረፍት ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች የሚመክረው ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ነው። ስድስት ጊዜ የሚገፉትን ክብደት ይምረጡና ሦስት ዙር ይሥሩ። በዙሮቹ መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይረፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ክብደቱን ሳይነኩ ድግግሞሹን ወደ ሰባት፣ ወደ ስምንት ያሳድጉ። ሦስቱም ዙር ስምንት ሲሞሉ 2.5 ኪሎ ይጨምሩና ወደ ስድስት ይመለሱ። ትናንሽ ዲስክ ከሌለ እስከ አሥር ደግመው 5 ኪሎ ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ዕድገቱ ፈጣን ነው፤ በኋላ ይዘገያል። ያኔ ተስፋ ቆርጦ መተው ወይም በእልህ መጫን ነው ሰውን የሚጎዳው።

አኳኋኑም ወሳኝ ነው። ዓይንዎ ከባሩ ሥር እንዲሆን ይተኙ። የትከሻዎን አጥንቶች ወደ ኋላ ሰብስበው ወንበሩ ላይ ይጫኑ፤ እግርዎ መሬት ይርገጥ፤ መቀመጫዎ ከወንበሩ አይነሳ። ባሩን ከትከሻ ትንሽ ሰፋ አድርገው ሲይዙ አውራ ጣት የግድ ይዙርበት። ባሩ ወደ ታችኛው ደረት ይውረድ፤ ክርን ወደ ጎን ሙሉ በሙሉ አይከፈት። ሲወርድ አየር ያስገቡ፣ ሲገፉ ያስወጡ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ አፍኖ መግፋት ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ብቻዎን ከሆኑ ጫፉን አይቆልፉ፤ ወይም የባር ማቆሚያ መደገፊያ ባለው ቦታ ይሥሩ፤ ወይም በዳምቤል ይተኩት። “አንዴ ቁምልኝ” ማለት ነውር የለውም። ደረትን በሠሩበት መጠን ጀርባንም በመሳብ እንቅስቃሴ ይሥሩ፤ አለበለዚያ ትከሻ ወደ ፊት ይጎብጣል።

ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት የሠራ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ርካሽና ጥሩ መፍትሔ ነው። ሁለቱ ጎኖች ግን እኩል ካልሆኑ ባሩ ያዘነብላል፣ ትከሻም ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አስቀምጠው የየራሳቸውን ኪሎ ይጻፉባቸው።

የአየሩንም ነገር አይርሱ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋቷ ይበርዳል። በባዶ ባር ሁለት ዙር ሳያሟሙቁ ክብደት አይጫኑ። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ እዚያ ውኃ ከአጠገብዎ አይጥፋ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ቢያጥር በዙሮቹ መካከል ትንሽ ረዘም አድርጎ ይረፍ።

ከማዕድ እስከ ጾም

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። ያልተቀቀለ 100 ግራም ምስር ወደ 25 ግራም፣ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ይይዛል። ስለዚህ የጾም ወራት የሥራ ማቆሚያ አይሆኑም። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ባቄላና ለውዝ በየማዕዱ ይኑሩ። በረመዳን ደግሞ ከኢፍጧር በኋላ ምግቡ ረጋ ሲል መሥራት ይሻላል። በዚህ ወር ዓላማው ያለውን ጉልበት መጠበቅ ይሁን፤ መጨመሩ ከዒድ በኋላ ይደርሳል።

ውጤቱ የሚሻሻለው በሁለት በኩል መሆኑንም እናስብ። ቦርጭ የጀመረው 85 ኪሎ አባወራ 60 ኪሎ ቢያነሳ ውጤቱ 0.71 ነው። በአንድ ዓመት 5 ኪሎ ቀንሶ 12 ኪሎ ቢጨምር 0.9 ይደርሳል። ነገር ግን ምግብ በማቆም በአንድ ወር መክሳት ጡንቻውንም ይዞ ስለሚሄድ ማታለል ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የማይሠራ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይገመታል። ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን የምንውል ሰዎች ይህን ሳናስተውል ነው የምናጣው።

እናቶችና እህቶች “ወንድ እመስላለሁ” ብለው ይፈራሉ። የሴት ሰውነት የወንድ ሆርሞን መጠኑ በጣም አነስተኛ ስለሆነ እንደ ወንድ አይገዝፍም፤ ክብደት ማንሳት ግን ለአጥንት ጥንካሬ ይረዳል። ልጅ አዝሎና ዘንቢል ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ጉልበቱ ትርፍ አይሆንም። “ጂም አስገቡኝ” የሚል ጎረምሳ ያለው ወላጅም አይከልክል፤ በፑሽ አፕ ይጀምር፣ ቀላል ክብደት በአሰልጣኝ ፊት ይሥራ፣ “ስንት ትችላለህ?” የሚለው ፉክክር ግን ይቆይለት።

እኔ ዛሬ 66 ኪሎ ነኝ። ባለፈው ወር 60 ኪሎ አራት ጊዜ ገፋሁ፤ በቀመሩ 68 መሆኑ ነው። የራሴን ኪሎ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስገፋ ከራሴ በኩል ቆሞ የሚጠብቀኝ ያው ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ እሱ ሲገፋ ደግሞ እኔ እቆምለታለሁ። እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ በፒያሳ ሲያልፉ ልጁ ሚዛን ላይ ይውጡ። ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ግብዎ እሱ ነው። የጎረቤትዎን ባር አይዩ።