በአንድ ሞቶር ዓባይን መሻገር

ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት በቀድሞው ዘመን ስንቅ ማሰናዳት፣ የመንገድ ጓደኛ መፈለግ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ እንደገና መውጣት ግድ ነበር። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩባት ይህች የቅኔ አገር ከዋናው ከተማ በቀጥታ መስመር ቢለኳት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ በቅሎ ግን በቀጥታ መስመር አትሄድም።

ያንን ገደል በደቂቃዎች ሊሻገር የሚችል የመንገደኛ አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 30 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከ18 ቀን በፊት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25ን አምጥቶ ነበርና ብኵርናው የፖቴዝ ነው። ፖቴዝ ግን ለጦር ሥራ የተሠራ፣ ሁለት ሰዎች ነፋስ እየገረፋቸው የሚቀመጡበት ነበር። ባሮን ፎን ኤንግል ያበረረው ዩንከርስ ደብልዩ 33 በአንጻሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዕቃ ወይም እስከ 6 መንገደኛ ይይዛል። እውነተኛው እንግዳ ይኸኛው ነው ብንል የሚፈርድብን አይኖርም።

የዘሩ አባት ፕሮፌሰር ሁጎ ዩንከርስ የመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ሲሠሩ ከስስ ብረት ጋር የተዋወቁ ሰው ናቸው። አይሮፕላን ማለት እንጨትና ሸራ በሽቦ ተወጥሮ በነበረበት ዘመን፣ በ1911 ዓ.ም. ኤፍ 13 የተባለውን ሁለንተናው ብረት የሆነ የመንገደኞች አይሮፕላን አስበረሩ። ክንፉን የሚወጥር ሽቦ የለውም፤ ነፋስን የሚያግደው ነገር ሲቀንስ ፍጥነት ተገኘ። ደብልዩ 33 የዚሁ ልጅ ነው፤ ሞቶሩ 310 የፈረስ ጉልበት፣ ጕዞው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል። ወንድሙ «ብሬመን» በሚያዝያ 1920 ዓ.ም. አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳያርፍ የተሻገረ የመጀመሪያው አይሮፕላን ሆነ።

ገላው እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነበር። ሽብሽቡ ስሱን ብረት ያጠነክራል፤ ነገር ግን ነፋስ ይይዛል። ከዚህ ችግር የተላቀቁት ተከታዮቹ ናቸው። በአሜሪካ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሎክሂድ ኦራዮንና በጀርመን በ1925 ዓ.ም. የበረረው ሄይንከል 70 ገላቸው ለስልሶ፣ መንኰራኵራቸው እንደ ወፍ እግር ታጥፎ፣ በአንድ ሞቶር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሩ።

በወረቀት ላይ ሒሳቡ ደስ ያሰኛል። በደብልዩ 33 ፍጥነት ከደብረ ኤልያስ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ነገር ግን የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ሞቶሩ በቈላ ያለውን ጉልበት አያገኝም፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል። በገደሉ ላይ ሳለ ሞቶሩ ቢቆምስ? በቅሎ ብትደክም ጭነቷን አራግፈው ያሳርፏታል፤ ከዓባይ በላይ ግን ማረፊያ ከወዴት ይመጣል? አሜሪካም ይህንኑ ፈርታ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛን በአንድ ሞቶር በማጓጓዝ ላይ ገደብ አደረገች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጕዞውን ያደረገው ባለ ሁለት ሞቶር በሆነው ዳግላስ ነው። በኋላ ደብረ ማርቆስም ከዳግላሱ ማረፊያዎች አንዷ ሆነች። ከደብረ ኤልያስ ለሚነሣ መንገደኛ ታዲያ በቅሎዋ እስከዚያ ብቻ ታስፈልገው ነበር።