ዕረፍትም ልምምድ ይሻል

«ደክሞሻልና ዕረፊ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን በመሥሪያ ቤት፣ ማታውን በጓዳ የምታሳልፍ እናት ጎኗን ብታሳርፍም ሐሳቧ አያርፍም። አልጋ ላይ ሆና የቤት ኪራይ ታሰላለች፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት ታሰላስላለች፣ የነገውን ሊጥ ታቦካለች። ጠዋት ትከሻዋ እንደተወጠረ፣ ራሷን እያመማት ትነሣለች፤ ቁጣዋም የሚያርፈው ምንም በማያውቁት ልጆች ላይ ነው። እንግዲያውስ ዕረፍት ጊዜ ስለተገኘ ብቻ አይመጣም፤ እንደ ማንኛውም ሙያ ይለመዳል።

ለዚህ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ አውቶጄኒክ ትሬኒንግ ይባላል፤ ከራስ የሚመነጭ ልምምድ ማለት ነው። መሥራቹ ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ዮሐንስ ሃይንሪሽ ሹልትዝ ሲሆኑ፣ ስለ ዘዴው የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ከእርሳቸው ቀደም ብሎ ኦስካር ፎግት የተባሉ ሊቅ በሂፕኖሲስ የሚታከሙ ሰዎች እጅና እግራቸው የመክበድና የመሞቅ ስሜት እንደሚሰማቸው ተገንዝበው ነበር። ሹልትዝ ደግሞ ሰው ይህንኑ ስሜት በገዛ ሐሳቡ ሊያመጣው እንደሚችል አሳዩ።

ነገሩ ምትሐት አይደለም። ስንጨነቅ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። ስንረጋጋ ጡንቻ ስለሚላላ ክንድ ይከብዳል፤ የደም ሥሮች ስለሚሰፉም እጅ ይሞቃል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የአምባ ጊዮርጊስ ነዋሪ ለዚህ ምሳሌ አያጣም። የወገራን ብርድ ያውቀዋል። ከውጭ የገባ ሰው እጁን ወደ ምድጃ ሲዘረጋ ሙቀቱ ከጣቶቹ ወደ ክንዱ ሲዘልቅ፣ ትከሻውም ሳያስበው ዝቅ ሲል ያየዋል። በልምምዱ የሚታሰበውም እንዲህ ያለው ስሜት ነው። ሆኖም የበረደው ሰውነት ስለማይላላ፣ በደጋ አገር ጋቢ ደርቦ መጀመር ይበጃል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። በጀርባ መተኛት ይቻላል። ያ ካልተመቸ ሹልትዝ ደንበኛ እየጠበቁ ከሚያንቀላፉ የጋሪ ነጂዎች የወሰዱት አቀማመጥ አለ፦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግርን ከፈት ማድረግ፣ ክንድን በጭን ላይ ማሳረፍ፣ ጀርባን ማጉበጥና ራስን ማዘንበል። ጠባብ ልብስና ጫማ ይላላሉ፤ ዓይን ይጨፈናል።

ከዚያም በልብ «ቀኝ እጄ ከብዷል» እያሉ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ መደጋገምና «ፍጹም ተረጋግቻለሁ» ብሎ መጨረስ ነው። ግራኝ የሆነች በግራ እጇ ትጀምራለች። ክብደቱ ከተለመደ በኋላ ተራ በተራ የሚከተሉት ይታከላሉ፦

«እጄ ሞቋል።»
«ልቤ በእርጋታ ይመታል።»
«ትንፋሼ የተረጋጋ ነው።»
«ሆዴ ውስጡ ሞቋል።»
«ግንባሬ ቀዝቀዝ ብሏል።»

አንዱ ሳይለመድ ወደሚቀጥለው መዝለል አይገባም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በመጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መለማመድ ይበቃል፤ ስድስቱን ለመልመድ ግን ብዙ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ስሜቱ አልመጣም ብሎ መታገል ውጥረትን ይጨምራል። ሐሳብ ሲያቋርጥም ሳይበሳጩ ወደ ቃሉ መመለስ ነው። ሲጨርሱ ጡጫን ጨብጦ ክንድን በኃይል ማጠፍና መዘርጋት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ከዚያ ዓይንን መግለጥ ያሻል። ይህ የሚቀረው ለመተኛት ሲሆን ብቻ ነው።

ጥቅሙስ? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ 60 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ልምምዱ ለውጥረት ራስ ምታት፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለጭንቀትና ከባድ ላልሆነ የደም ግፊት እንደሚረዳ አመልክቷል። ይሁንና ሐኪምንም መድኃኒትንም አይተካም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ እናቶች ልምምዱን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የልብ ሕመም ያለባት የልቡን ልምምድ ትተወው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምር።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ደባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሐዘንና መፈናቀል ደርሶበታል። እንዲህ ያለውን ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ያየው መከራ ሊመጣበት ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ዓይንን ገልጦ ማቆም ይገባል። ችግሩ ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ አልያም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መዝለቅ ነውር የለበትም።

በመጨረሻም ይህ ጉዳይ የእናት ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ዐሥር ደቂቃ የምታገኘው ሌላው ሕፃኑን ሲይዝላት፣ ምጣዱን ሲጠብቅላት፣ ራዲዮኑንም ሲቀንስላት ነው። ባልና የደረሱ ልጆች ይህን ዐሥር ደቂቃ እንደ ስንፍና ባይቆጥሩባት፣ ተረጋግታ ስትነሣ ትርፉ ለቤቱ ሁሉ ነው።