መኪናዎ ምን ይጠጣል?

እሑድ ጧት በአዲስ አበባ ሰፈሮች ዘወር ዘወር ቢሉ፥ ባልዲና ጨርቅ ይዞ በመኪናው ዙሪያ ደፋ ቀና የሚል ሰው አያጡም። ላሜራው እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለውለዋል፤ ጎማውን ያጠቁራል፤ መኪናውን የተንከባከበ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው «ኮፈኑን ከከፈቱት ስንት ጊዜ ሆነዎ?» ብለው ቢጠይቁት ግን መልሱ ዝምታ ነው።

ይህን የምጽፈው በሰው ለመሳቅ አይደለም፤ እኛም ተምረንበታል። አጎቴ አሮጌ ቮልስዋገን አላቸው። አንድ ቀን የፍሬን ዘይቱ መጉደሉን ያየ አንድ የመንገድ ዳር ሠራተኛ «ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» ብሎ የሞተር ዘይት ሞላላቸው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፥ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ዘለቀ። አጎቴ ማርሹን ቀንሰው የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ባይስቡት ኖሮ፥ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ባልበቃሁ ነበር።

የፍሬን ዘይት በስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። የሞተር ዘይት በፍሬን ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል፤ ያበጠ ጎሚኒም ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ በዕቃው ክዳን ላይ «ዶት 3» ወይም «ዶት 4» የሚል ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱና ያንኑ ይግዙ። ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ይገባዋል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። በቁልቁለት ፍሬን ሲግል ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይግዙ፤ በየሁለት ዓመቱ ያስለውጡት። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ይልጠዋልና ወዲያው በውሃ ያጥቡት።

ወደ ሞተር ዘይት እንለፍ። በጣሳው ላይ «10 ደብልዩ 30» ወይም «20 ደብልዩ 50» የሚል ያገኛሉ። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጧት እንዴት እንደሚፈስ፥ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን ይናገራል። ትልቅ ቁጥር የተሻለ ዘይት ማለት አይደለም፤ ትክክለኛው የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ነው። መጠኑን ሲለኩም መኪናውን በሜዳ ላይ አቁመው፥ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።

የአጎቴ ቮልስዋገን በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። የእርስዎ ካለው ግን የቧንቧ ውሃ ብቻ አያጠጡት፤ ውስጡ ይዝጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። ያልተበረዘ ከሆነ በአብዛኛው እኩል በእኩል ከተጣራ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳኑን ከቶ አይክፈቱ።

ስለ እጥበቱ ነገሩ አጭር ነው። የልብስ ሳሙና የቀለሙን ሰም ይገፋልና የመኪና ሳሙና ይጠቀሙ። አስቀድመው አቧራውን በውሃ ያውርዱ፤ አለዚያ አሸዋውን በጨርቅ እያሹ ቀለሙን ይፍቁታል። በፀሐይ አይጠቡ፤ ለጎማ የያዙትንም ጨርቅ ወደ ላሜራ አያምጡ። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ አይድፉ።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፥ በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና ክብሯ ጨምሯል። ለደመወዝተኛ ደግሞ አንዲት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ከጋራዥ ሒሳብ ትረክሳለች፤ ከሆስፒታል ሒሳብማ አትወዳደርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ባልዲውን ከማንሣትዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ከመጨመርዎም በፊት በጠርሙሱ ላይ ያለውን ያንብቡ።