የሊባኖስ ምግብ ምንድን ነው?

ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ገሊላ ስትጓዙ፣ ባለ እርሻ ቤተሰብ የከፈተው የሊባኖስ ምግብ ቤት ያጋጥማችሁ ይሆናል። ስሙ እንግዳ ቢሆንም እህሉን ታውቁታላችሁ። ሑሙስ የሚባለው ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራ ነው፤ ከሰሊጥና ከሎሚ ጋር ይታሻል። ሙጀደራ ምስርና ሩዝ ነው። ላበኔ ደግሞ ውሃው የተጠለለ እርጎ ነው። ሁሉም በአንድ ገበታ ይቀርባል፤ በፒታ እየጠቀሱ ይበሉታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኪቤ ላባኒዬ የሚሉት ምግብ ሥጋ በእርጎ ውስጥ የሚበስልበት ነው። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት የካሽሩት ምስክር ወረቀት አሳዩን በሉ፤ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችሁ ቀኑ እንዳላለፈ ይመልከቱላችሁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። በሰንበት ባቡር ስለሌለ ጉዞውን በሌላ ቀን አድርጉት።