አንዱ መሣሪያ ቢታወክ ሁሉን ማጥፋት አይገባም

ጣቱ የቆሰለበት ሰው ጣቱን ያሽጋል እንጂ ስለ አንድ ጣት ሲል መላ አካሉን አልጋ ላይ አያስተኛም። ኮምፒዩተርም እንደ ሰው አካል ብዙ ብልቶች ያሉት መሣሪያ ነው። አንጎሉ በሣጥኑ ውስጥ ሲሆን፣ ማተሚያው፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ስካነሩና ድምፅ ማውጫው ለእርሱ እንደ እጅና እንደ እግር ያገለግሉታል። ይሁን እንጂ ከነዚህ አንዱ በታወከ ጊዜ ሁሉን አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት በብዙ መሥሪያ ቤት የተለመደ ሆኗል። ይህ ልማድ ሥራን የሚያስፈታ፣ ባለጉዳይንም የሚያጉላላ ስለ ሆነ ሊታረም ይገባዋል።

ከደሴ በስተደቡብ ምዕራብ በደጋው ላይ የምትገኘውን ወረኢሉን፣ ከእርሷም ወደ ምዕራብ እስከ መካነ ሰላም ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳ ኔት የተባለው የመገናኛ መረብ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማያያዝ መዘርጋት ከጀመረ ወዲህ በወረቀት ብቻ ይሠራ የነበረው የመንግሥት ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ለአንዲት ማስረጃ ወረዳ ይደርሳል። ማተሚያው ስለ ቆመ ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን ቢያጠፋው፣ ተጽፎ ያልተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ በዚያው ማሽን በኩል የሚያትሙ ሌሎች ሠራተኞችም ይቋረጣሉ። በመጨረሻም ባለጉዳዩ ነገ ተመለስ ይባላል። ለጸሐፊው ነገ ማለት አንድ ሌሊት ነው፤ ለገበሬው ግን ሌላ የእግር መንገድና ከእርሻው የተነጠቀ ሌላ ቀን ነው።

ወረኢሉ ራሷ ለዚህ ነገር ምሳሌ ትሆናለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ለመዝመት ክተት ባሉ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት በወረኢሉ እንዲሰበሰብ አዘዋል። በእንዲህ ያለ የሩቅ ጉዞ አንዲት የጭነት በቅሎ ብትሰናከል ጭነቷ ይራገፋል፤ ጀርባዋና ኮቴዋ ይታያል፤ ከዚያም እንደ ገና ትጫናለች። ካልሆነላትም ጭነቷ ለሌሎች ይከፈላል። ስለ አንዲት በቅሎ ሠራዊቱ ሁሉ ወደ መነሻው ይመለስ የሚል የጦር አለቃ የለም።

ከዚያ ዘመቻ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1988 ዓ.ም.፣ ዩ.ኤስ.ቢ. የተባለው የመሰኪያ ደንብ በውጭ አገር ወጣ። ይህም ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ መሣሪያ እንዲነቀልና እንዲሰካ ታስቦ የተሠራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ክብ የኪቦርድና የማውስ መሰኪያ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም ነበርና ማሽኑ ሳይጠፋ ቢነቀል ሰሌዳውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለክቡ መሰኪያ ማጥፋት ጥንቃቄ ነው፤ ለዩ.ኤስ.ቢ. ግን አስፈላጊ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽቦውንና መብራቱን ማየት ይገባል። ቀጥሎም የታወከው ክፍል የቱ እንደ ሆነ መለየት ነው። ማተሚያ የቆመ እንደ ሆነ፣ የሚታተመው ጽሑፍ አስቀድሞ ስፑለር በሚባል አገልግሎት ዘንድ ወረፋ እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል። ከፊት ያለው አንድ ሰነድ ቢበላሽ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይታገታሉ። መድኃኒቱም ማተሚያውን ብቻ አጥፍቶ ማብራትና የታገተውን ሰነድ መሰረዝ ነው። አልሰረዝ ካለ፣ በዊንዶውስ ሰርቪስስ ከሚባለው ዝርዝር ፕሪንት ስፑለርን ማቆም፣ ስፑል በሚባለው ማኅደር ውስጥ ፕሪንተርስ በተባለው ክፍል የተከማቸውን ማጥፋት፣ ከዚያም ስፑለሩን እንደ ገና ማስጀመር ነው። ይህን ሲያደርጉ የሌላውም ሰው ሰነድ ከወረፋው ስለሚጠፋ አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ኪቦርድ ወይም ማውስ በዩ.ኤስ.ቢ. የተሰካ ከሆነ ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስካነር ካልታየም ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው ዝርዝር ውስጥ መሣሪያውን ለጊዜው አግዶ እንደ ገና መፍቀድ ድራይቨሩን ያነቃዋል። አንዳንድ ጊዜም ኮምፒዩተሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የመሰኪያውን መብራት ይቀንስና መሣሪያው ሳይነቃ ይቀራል፤ ይህም ከዚያው ዝርዝር ሊከለከል ይችላል። ስክሪኑ በድንገት ቢጠቁር በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን ባንድነት መጫን የሥዕሉን ድራይቨር ብቻ ያስነሣል፤ የተከፈተውም ጽሑፍ አይዘጋም።

ይህ አሳብ የጸሐፊዎች ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንትም ደክመውበታል። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሪው ታነንባም በ1998 ዓ.ም. ሚኒክስ ሦስት የተባለውን ሥርዓት ከባልደረቦቻቸው ጋራ አወጡ። በብዙዎቹ ሥርዓቶች ድራይቨር የሚሠራው በዋናው ልብ ውስጥ ስለ ሆነ የእርሱ ስሕተት ሁሉን ሊጥል ይችላል። በሚኒክስ ግን ድራይቨሮች ከልቡ ውጭ ይኖራሉ፤ ሪኢንካርኔሽን ሰርቨር የተባለ ጠባቂም ተሾሞባቸዋል። አንዱ ድራይቨር ሲሞት ጠባቂው በስፍራው አዲሱን ያቆማል፤ የቀሩትም ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የሆነ ሆኖ ሁሉን ማጥፋት ጨርሶ የተከለከለ አይደለም። ዋናው ሥርዓት ራሱ ከደነዘዘና ምንም ትእዛዝ ካልተቀበለ ማስነሣት ግድ ነው። የሚቃጠል ነገር ከሸተተም ኃይሉን ወዲያው መቁረጥ እንጂ መመራመር አይገባም። አንድ መሣሪያ በየቀኑ የሚታወክ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ ማስነሣቱ በሽታውን መሸፈን ነው፤ የታወከበትን ቀንና ሰዓት በመዝገብ ጽፎ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

እንግዲህ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይህን ጥቂት ብልሃት ለጸሐፊዎቹ ሊያስተምር ይገባዋል። ብልሃቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለሙያም ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ አያስጠብቅም። ትርፉም ደጋውን ወጥቶ የመጣው ሰው በመጣበት ቀን ጉዳዩን ፈጽሞ፣ ሳይመሽበት ወደ ቤቱ መግባቱ ነው።